ዩኩሌሌ ሲጫኑት ከድምፅ የሚወጣው፦ ክር ይቀየር፣ ነቱ ይውረድ ወይስ ሳድሉ ይሞረድ?

ዩኩሌሌ፣ ያቺ ጊታር መሰል ትንሽ መሣሪያ፣ በእጃችሁ ናት። አራቱን ክሮች በስልካችሁ ቲዩነር (ቅኝት የሚያሳይ መተግበሪያ) አስተካክላችኋል። ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ሲ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ስትመቱ ደስ ይላል። ከዚያ ወደ ዲ ትሄዱና ሦስቱን ክሮች ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ስትጫኑ ለጆሮ ይጎረብጣል። ተመልሳችሁ ባዶውን ክር ትፈትሻላችሁ፣ ልክ ነው። እንግዲህ የተበላሸው ቅኝቱ ሳይሆን ኢንቶኔሽኑ ነው፤ ክሩ ሳይጫኑት ትክክል ሆኖ ሲጫኑት ከቦታው ይወጣል ማለት ነው።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህን ራስ ምታት አያውቀውም። ክራር ፍሬት የለውም። መቃኛውን አዙሮ ትዝታ ወይም ባቲ ካደረገው በኋላ እያንዳንዱ ክር የራሱን ድምፅ ይሰጣል፣ አለቀ። ዩኩሌሌ ላይ ግን ከአንድ ክር ደርዘን ድምፅ ስለምንጠብቅ የፍሬቱ ቦታ፣ የክሩ ከፍታ፣ የክሩ ውፍረት፣ የጣታችን ጉልበት ሳይቀር እጁን ያስገባበታል።

መፍትሔው ብዙ ነው፣ ግን ሁሉም ለሁሉም አይሠራም። ችግሩ ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው የክሮቹ ማረፊያ) ላይ ሆኖ ሳለ ሳድል (በወዲያኛው ጫፍ ያለችውን ማረፊያ) ሲሞርድ የሚውል ሰው አለ። ሦስት ዓይነት ክር ገዝቶ ችግሩ የገዛ ጣቱ የሆነም አለ። የኔ ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚዛባ እወቁ፣ ከዚያ ሊመለስ ከሚችለው ሥራ ጀምራችሁ ሊመለስ ወደማይችለው ሂዱ። እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የዩኩሌሌ ጥገና ብሎ ታፔላ የሰቀለ ሰው አላየሁም፣ መንዝና ኤፍራታ ያላችሁማ ይብስባችኋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ነገር ቤታችን ነው የምንሠራው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የተሞረደ ነገር ተመልሶ አይበቅልም።

የት ላይ ነው የሚዛባው?

ቲዩነሩን ክፈቱ። 12ኛው ፍሬት ልክ አናቱ ላይ ክሩን በጣት ጫፍ ዳሰስ ብቻ አድርጋችሁ ምቱት፣ ቀጭን የደወል ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ሃርሞኒክ የሚሉት እሱ ነው። አሁን እዚያው 12ኛው ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫነው ከፍ ካለ ሻርፕ፣ ዝቅ ካለ ፍላት ሆኗል። ይህን ለአራቱም ክር አድርጉና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥሎ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ፍሬት ላይ እየተጫናችሁ ቲዩነሩ የሚያሳየውን ጻፉ።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። 1ኛና 2ኛው ፍሬት ላይ በጣም ከፍ ብሎ ወደ 12ኛው ስትሄዱ የሚስተካከል ከሆነ ጥፋቱ የነት ነው። ከታች ደህና ሆኖ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ሳድሉን ወይም የክሩን ከፍታ ጠርጥሩ። ሦስቱ ክሮች ደህና ሆነው አንዷ ብቻ ከቀበጠች ክሯ ናት። ምንም ሥርዓት የሌለው፣ 3ኛው ፍሬት ላይ ከፍ፣ 4ኛው ላይ ዝቅ፣ 5ኛው ላይ እንደገና ከፍ የሚል ከሆነ ፍሬቶቹ ሲተከሉ ነው የተበላሹት፤ ለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት የለም።

ቲዩነር ባይኖርስ? ጆሮ አለ። የሲ ክር 4ኛው ፍሬት ላይ ከባዶው ኢ ጋር እኩል መሆን አለበት። የኢ ክር 5ኛው ላይ ከባዶው ኤ፣ የጂ ክር ደግሞ 2ኛው ላይ ከዚያው ከባዶ ኤ ጋር። ሁለቱን አንድ ላይ ስትመቱ ድምፁ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ዋው ዋው ዋው የሚል ዓይነት፣ አልገጠሙም። መርገብገቡ በፈጠነ ቁጥር ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ስለ መጠኑ ትንሽ። ከአንድ ፍሬት እስከሚቀጥለው ያለው ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ተብሎ ይከፈላል። እስከ 5 ሴንት ያለውን እርሱት። 10 ሴንት አብሮ ይኖራል፣ በተለይ ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ። 20 ከደረሰ ግን ሥራ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ የትኛውም ባለ ፍሬት መሣሪያ ፍጹም አይደለም። ዛሬ ፍሬት የሚተከልበት እኩል አከፋፈል ሜጀር ሦስተኛውን ድምፅ (ለምሳሌ ከሲ እስከ ኢ ያለውን) ጆሮ ፍጹም ስምም ብሎ ከሚቀበለው 14 ሴንት ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በጆሮ የተቃኘ ክራርና በገና እየሰማ ያደገ ሰው ጤነኛ ዩኩሌሌ ይዞም "ይቺ ክር ትንሽ ከፍ አላለችም?" ቢል አይፈረድበትም። ያንን በሞረድ ልታስተካክሉ አትሞክሩ።

ገንዘብ የማይጠይቀው፦ ጣትና አየር

መጀመሪያ ጣታችሁ። ክር ከሚያስፈልገው በላይ ሲጫኑት ይወጠራል፣ ሲወጠር ድምፁ ይወጣል። ከፍሬቱ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ በቀላሉ ተጫኑ፣ ወደ ጎንም አትግፉት። ጊታር ለምዶ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ይቸገራል፣ የብረት ክር ላይ የለመደውን ጉልበት ናይሎን ላይ ያወርደዋል። ጫናችሁን እያቀለላችሁ መዝኑት፤ ክሩ ጥርት ብሎ መጮህ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቁሙ። 10 ሴንት እዚሁ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው አየር ነው፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ ይህን ሊንቀው አይችልም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ። ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ ተነስታችሁ በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ቁልቁል ስትወርዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌላ አገር ነው የምትገቡት። ዩኩሌሌውም እንደዚያው። ናይሎን እርጥበት ይመጥጣል፣ እንጨትም ይመጥጣል። ከመኪና እንደወረዳችሁ የምታዩት መዛባት የመሣሪያው ሳይሆን የመንገዱ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቦርሳ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ ትንሽ አሳርፉት፣ ቃኙት፣ ከዚያ መርምሩት። ሸዋሮቢት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድማ አይታሰብም፤ ብሪጁን (ሳድሏ የተቀመጠችበትን፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈ እንጨት) የያዘው ሙጫ ከለሰለሰ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ያኔ የኢንቶኔሽን ወሬ ይቀራል።

ፊቱ ከአንድ ወጥ ጣውላ የተሠራ ዩኩሌሌ ካላችሁ ክረምት ላይ እርጥበት ሲያነፋው ክሩ ከፍ ይላል፣ ሲጫኑትም ሻርፕ ይሆናል። በጋ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ያ ደረቅ ውርጭ ሲመጣ፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ እንዲያውም ክሩ ፍሬት እየነካ ሊንዛዛ ይችላል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ለክተን የሞረድነው ጥር ላይ ያጣላናል። የተነባበረ እንጨት ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ርካሽ ዩኩሌሌ፣ በዚህ በኩል የተሻለ ይችላል። ርካሽ መሆን አንዳንዴም ይጠቅማል።

ሦስተኛ ነፃ መንገድ አለ፦ ማቻቻል። ሲ ክር ሲጫን 10 ሴንት ከፍ የሚል ከሆነ ባዶውን 4 ወይም 5 ሴንት ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት። ባዶው ትንሽ ዝቅ፣ የተጫነው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጥፋቱ ለሁለት ተካፈለ ማለት ነው። ነገ መድረክ ላለበት ሰው ከዚህ የፈጠነ መፍትሔ የለም። ብዙ ጊዜ ለሚጫወት ሰው ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ክር መቀየር

ዩኩሌሌው ከፋብሪካ የመጣበት ክር ላይ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፣ ካልወደዳችሁት ደግሞ ትፈቱታላችሁ።

ክር ሲያረጅ ፍሬት የሚነካው ቦታ ይቦረቦራል። በጥፍራችሁ ከሥሩ ዳስሱት፣ ጎድጎድ ካለ አልቆለታል። ሌላው ችግር ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል አለመሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ክር ምንም ብትሠሩለት አይገጥምም። ግን ከመጣላችሁ በፊት ፍቱትና ጫፉን ገልብጣችሁ እሰሩት፣ ርዝመቱ ከበቃ። ወፍራሙ ወገን ሲገለበጥ አንዳንዴ መዛባቱ ይቀንሳል፣ ባይቀንስም ጥፋቱ የክሩ መሆኑን ያረጋግጥላችኋል።

ናይሎን ወይስ ፍሎሮካርቦን? ለኢንቶኔሽን ብቻ ከሆነ የኔ ምርጫ ፍሎሮካርቦን ነው። ከናይሎን ስለሚከብድ ለተመሳሳይ ድምፅና ውጥረት 20 በመቶ ያህል ቀጭን ሆኖ ይሠራል። ቀጭን ክር እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ወፍራም ክር ግን ጫፎቹ ላይ ግትር ስለሚል የሚርገበገበው ርዝመቱ ከተለካው ያጥራል፣ ስለዚህ ሻርፕ ይሆናል። ሁልጊዜ ሲ ክር በጣም የምታስቸግረው ለዚህ ነው፤ ከአራቱ ወፍራሟ እሷ ናት። በዚያ ላይ ፍሎሮካርቦን እርጥበት አይመጥጥም ማለት ይቻላል፣ ላይ ታች ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ናይሎን ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እሱን የሚወድ ይውደድ።

ብዙ የዩኩሌሌ ተጫዋች የፍሎሮካርቦን ዓሣ ማጥመጃ ክር ቆርጦ ያስራል፣ ያስኬዳል። ሱቅ ውስጥ የዓሣ ክር ተብሎ የሚሸጠው ግን ናይሎንም ሊሆን ስለሚችል ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የብረት ክር ግን በፍጹም እንዳታስሩ፣ ውጥረቱ ብሪጁን ነቅሎ ይወስደዋል።

አዲስ ክር ለጥቂት ቀናት እየተሳበ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወሰድ ልኬት ዋጋ የለውም።

ነቱን ማውረድ

በኔ እይታ ርካሽ ዩኩሌሌዎች ላይ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይህ ነው። ነት ማለት አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት፣ አራት ቦይ ያላት ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ፋብሪካው ቦዮቹን በጥልቀት ለመቁረጥ ጊዜ አያጠፋም፤ ከፍ አድርጎ ከተወው ክሩ አይንዛዛም፣ ቅሬታም አይመጣበትም። የሚከፍለው 1ኛው ፍሬት ላይ የሚጫነው ሰው ነው። ክሩ ከከፍታ ወደ ታች በአጭር ርቀት ሲጎተት በጣም ይወጠራል፣ ድምፁም ይዘላል። ወደ ላይ ስትሄዱ ርቀቱ ስለሚረዝም ያው ከፍታ ያን ያህል አይጎዳም።

መፈተሻው ቀላል ነው። 2ኛውና 3ኛው ፍሬት መካከል ተጭናችሁ ያዙና 1ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት በብርሃን እዩ። ፀጉር የምታህል ብርሃን ብቻ መታየት አለባት፣ ክሩን ከላይ ነካ ስታደርጉትም "ቲክ" ማለት አለበት። ሰፊ ክፍተት ካያችሁ ነቱ ከፍ ብሏል። ሳትጫኑ የምትለኩ ከሆነ ከ1ኛው ፍሬት አናት እስከ ክሩ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል፣ አምስት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ተደራርቦ ያን ያህል ይሆናል።

የነት ሞረድ የሚባል ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ፣ ግን እዚህ የት ይገኛል? ብየዳ ቤት ሂዱ። የጋዝ ብየዳ አፍ የሚያጸዱበት፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ጥርሳም ቀጫጭን ሽቦዎች አሏቸው። ለዚህ ሥራ ልክ ናቸው። ከክሩ ትንሽ የሚወፍረውን ምረጡ። ክሩን አላልታችሁ ወደ ጎን አውጡት፣ ሽቦውን ቦዩ ውስጥ አግቡና ወደ መቃኛው በኩል ዘንበል አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። ዘንበል ማለቱ ግዴታ ነው፤ ክሩ የሚያርፈው ከፍሬቱ ወገን ባለው የቦዩ ጠርዝ ላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሌላ መዛባት ትጨምራላችሁ። መልሳችሁ እሰሩ፣ ቃኙ፣ 1ኛው ፍሬት ላይ ቲዩነሩን እዩ። እንደገና ሁለት ሦስት ጊዜ። አሰልቺ ነው፣ ክሩን በየመሐሉ መፍታትና ማሰር ያበሳጫል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ከፊታችሁ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ ከምታስቡት በላይ ይፈጥናል።

ከሚገባው በታች ከወረደና ባዶው ክር መንዛዛት ከጀመረ፣ ቦዩ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል ማድረግ ነው። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፣ እንደ አዲስ ትቆርጡታላችሁ። ለዓመታት የሚቆይ አይደለም፣ ግን ሥራ አያስፈታችሁም።

ሳድሉን መንካት

ሳድል ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን ነጭ ጭረት ናት። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፣ ሰው ግን ያምታታቸዋል። አንዱ ከፍታዋን መቀነስ ነው። ሌላው ክሩ የሚያርፍበትን ጫፍ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት መውሰድ ነው።

ከፍታው ይቅደም። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። 12ኛው ፍሬት አናትና ክሩ መካከል ሦስት ካርድ በቀላሉ ገብቶ አራተኛው የሚጠብ ከሆነ ደህና ነው። አምስት ከገባ ከፍ ብሏል፣ ሻርፕ የሚሆነውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ሳድሉን አውጥታችሁ ከሥሩ (ከላይ አይደለም!) መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሹት። 12ኛው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 1 ሚሊሜትር መቀነስ አለበት፣ ምክንያቱም 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ነው። አናጢ ጋ ከወሰዳችሁት "ጋሼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ፣ መላጊያ እንዳይነካት" በሉ።

ከፍታው ልክ ሆኖ 12ኛው አሁንም ከፍ ካለ የክሩ ማረፊያ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ስንት? ትንሹ ዩኩሌሌ፣ ሶፕራኖ የሚባለው፣ ከነት እስከ ሳድል 35 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርዝመት 1 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ማለት 12ኛው ላይ 5 ሴንት ዝቅ ማለት ነው። አሁን ሳድላችሁን እዩት፣ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ክሩ መሐል ላይ የሚያርፍ ከሆነ እስከ ኋላኛው ጠርዝ ቢበዛ 1 ሚሊሜትር ተኩል አላችሁ፤ 7 ሴንት ናት። 20 ሴንት የሚያህል ጥፋት በሳድል ሙረዳ ሊስተካከል አይችልም፣ ሂሳቡ አይፈቅድም። ለዚህ ነው ክር፣ ነትና ከፍታ መቅደም ያለባቸው። እነሱ ትልቁን ያነሳሉ፣ ሳድል የቀረችውን ይለቅማል።

አሠራሩ፦ ሲ ክር የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በቀጭን ሞረድ የፊተኛውን ጠርዝ፣ ወደ ነት የሚያየውን፣ በሰያፍ አንሱለት፤ ከፍተኛው ጫፍ ኋላ ላይ ይቀራል። ሌሎቹን ሦስት ክሮች በወረቀቱ ላይ እንደ ጻፋችሁት ብቻ ንኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ብቻዋን ትበቃለች። 12ኛው ላይ ፍላት የሚል ክር ካለ በተቃራኒው የኋላኛውን ጠርዝ ነው የምታነሱለት።

አሮጌዋን ሳድል አስቀምጡና አዲስ ላይ ብትሠሩ ይሻላል። ከልኳንዳ ቤት የበሬ አጥንት ወስዶ ቀቅሎ አድርቆ መቅረጽ ይቻላል፣ ጥሩ ጥሩ የሚባሉት ዩኩሌሌዎችም የአጥንት ሳድል ነው ያላቸው። ሽታው ግን ደጅ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ቤተሰብ እንዳታጣሉ።

ባለሙያ ወይስ ሌላ ዩኩሌሌ?

አዲስ አበባ ጊታር የሚጠግኑ ሰዎች አሉ፣ ነትና ሳድል ለነሱ የየዕለት ሥራ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። መሣሪያው ጥሩ ከሆነ፣ ወይም ሰው በስጦታ የላከውና የምትሳሱለት ከሆነ ሂዱ፣ ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ "ድምፁ ይወጣል" ከማለት "ሲ ክር 1ኛው ፍሬት ላይ 18 ሴንት ከፍ ይላል" ማለት ሥራውን ያፈጥነዋል። መሣሪያው ርካሽ ከሆነ ግን ትራንስፖርቱና የእጅ ዋጋው ከዩኩሌሌው ሊበልጥ ነው።

መጣል ያለበትም አለ። ፍሬቱ ከፕላስቲክ አንገቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ፣ ሳድሉ የማይወጣ፣ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተሠራው ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሌላው ብሪጁ ከነጭራሹ ያለ ቦታው የተለጠፈ ነው። በማስመሪያ ከነት እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ፣ በሁለት አባዙ፤ ሳድሉ ከዚያ ቁጥር 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መሆን አለበት። 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ስቶ ካገኛችሁት ተዉት።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ከሶፕራኖ ይልቅ በመጠን ከሱ ከፍ የሚለውን ኮንሰርቱን እዩ፣ ክሩ 38 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቅኝቱ ያው ነው፣ ጣትም ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል፣ ክሩ ስለሚረዝም ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ያን ያህል አይሰማም። ሱቅ ውስጥ ስልካችሁን አውጡና 12ኛውንና 1ኛውን ፍሬት ፈትሹ፣ ካርዱን አስገቡ፣ ማስመሪያውን ዘርጉ። 12ኛው ደህና ሆኖ 1ኛው ከፍ ካለባችሁ ዋጋ ተከራከሩና ግዙት፣ ነቱን ቤት ታወርዱታላችሁ። ፍሬቶቹ ሥርዓት የሌላቸው ከሆኑ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።